የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በሌዘር ቆረጣ ከአንድ ሉህ ይበልጥ ለማውጣት

ጥያቄ፦ የምሠራው አዲስ አበባ በሚገኝ አነስተኛ የማስታወቂያና የሽልማት ዕቃዎች ማምረቻ ቤት ነው። የሌዘር ማሽናችን የሥራ ወለል 90 በ60 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ በብዛት የምንቆርጠው 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አክሪሊክ የተባለው ፕላስቲክና ኮምፔንሳቶ ነው። በወር መጨረሻ የተጠራቀመውን ቁርጥራጭ ስመለከት ከገዛነው ዕቃ ሲሶው የተጣለ ይመስለኛል። ሥራ አስኪያጃችን በቅርጾቹ መካከል የምንተወውን ክፍተት እንድናጠብ ይወተውተናል፤ እኔ ደግሞ ድርደራውን በሶፍትዌር ብንሠራው ይሻላል ባይ ነኝ። የትኛው ያዋጣናል?

መልስ፦ ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ይሁን እንጂ ክፍተትም ሆነ ሶፍትዌር ተራው የሚደርሰው ትልቁ ብክነት አስቀድሞ ከተወሰነ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ውሳኔ የሚወሰነው ሙሉው ሉህ ለማሽናችሁ በሚስማማ መጠን በመጋዝ ሲከፈል ነው። በገበያ ላይ የተለመደው ሙሉ ሉህ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ባለ 90 በ60 ቁራጮችን ሁሉ በአንድ አቅጣጫ የሚያሰልፍ ሰው በርዝመቱ ሁለት፣ በወርዱም ሁለት፣ በድምሩ አራት ብቻ ያወጣና የቀረውን ግድግዳ ላይ ያስደግፈዋል። አራቱ ቁራጮች ከሉሁ 73 በመቶ ያህሉን ብቻ ይይዛሉ። ግድግዳ ላይ የተደገፈው ትራፊ ግን 64 በ122 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ አምስተኛውን ቁራጭ በ90 ዲግሪ አዙሮ ከእርሱ ማውጣት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ለማሽን የሚቀርበው 91 በመቶ ገደማ ይሆናል። የመጋዙ ጥርስ በየመስመሩ የሚበላው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከተቀነሰ በኋላም 31 በ63 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ትንሽ ቁራጭ ይተርፋል፤ እርሱም በማሽኑ ወለል ላይ ያለ ችግር ይቀመጣል። ዕቃው ኮምፔንሳቶ ከሆነ በአምስተኛው ቁራጭ ላይ የእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ተቀይሮ ስለሚገኝ፣ ጀርባው ላይ በእርሳስ ቀስት ማድረግ እንዳይዘነጋ።

ሁለተኛው ውሳኔ በአንድ ሉህ ላይ ምን ከምን ጋር ይውጣ የሚለው ነው። ትልልቅ ፊደላት ብቻ የተደረደሩበት ሉህ፣ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ፣ በመካከሉ ትልልቅ ፊደላት የማይሞሉት ባዶ ቦታ ይኖረዋል። ስለዚህ አንድ ትእዛዝ እንደመጣ ወዲያው ከመቁረጥ ይልቅ፣ የቀጠሮው ቀን እስከፈቀደ ድረስ፣ ውፍረታቸውና ቀለማቸው አንድ የሆኑ ትእዛዞችን ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን አጠራቅሞ ትልቁንና ትንሹን አብሮ መደርደር ከማንኛውም ሶፍትዌር የበለጠ ሊያተርፍ ይችላል። አንዳንድ ቤቶች ባዶውን ቦታ ሁሉ ማንም ባላዘዘው የቁልፍ መያዣ ይሞሉታል፤ እኔ ይህን አልደግፍም፤ የማይሸጥ ቁልፍ መያዣ የማሽን ሰዓትና መብራት የበላ ቁርጥራጭ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ድርደራው እንመጣለን። የእኛ ፊደል ለዚህ ሥራ ከሚታሰበው በላይ ይመቻል፤ እግር ያላቸው ፊደላት ብዙ ናቸውና። ቁመቷ 100፣ ወርዷ 70 ሚሊ ሜትር የሆነች፣ የእግሯም የራሷም ውፍረት 15 ሚሊ ሜትር የሆነች «በ» እንውሰድ። ሁለት «በ» በ5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ጎን ለጎን ቢቆሙ 145 በ100 ሚሊ ሜትር ቦታ ይይዛሉ፤ ከዚህም ፊደል የሚሆነው ግማሹ ብቻ ነው። ሁለተኛዋን ግን በ180 ዲግሪ አዙረን አንድ እግሯን በመጀመሪያዋ ሁለት እግሮች መካከል፣ የመጀመሪያዋንም አንድ እግር በእርሷ እግሮች መካከል ብናስገባ፣ ያው 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት እንደተጠበቀ ሁለቱ 90 በ120 ሚሊ ሜትር በሆነ ቦታ ውስጥ ይጠቃለላሉ። የያዙት ቦታ በሩብ ቀነሰ፤ ፊደል የሚሆነውም ከግማሽ ወደ ሁለት ሦስተኛ ከፍ አለ። «ሰ»፣ «ለ»፣ «ሸ» እና «አ» በተመሳሳይ መንገድ ይጠላለፋሉ፤ እግሮቻቸው ወፍራም በሆኑበት የፊደል ዓይነት ግን መግቢያው ስለሚጠብ አይሆንም፤ ይህንንም ለደንበኛው የፊደል ዓይነት ሲመረጥ ማሰብ ያስፈልጋል። በ«ዐ» እና በ«ወ» ሆድ ውስጥ ያለውም ባዶ ቦታ ለአነስተኛ ፊደላት ይበቃል፤ ነገር ግን በውስጥ ያለው ትንሽ ፊደል ከሆዱ መስመር በፊት መቆረጥ አለበት፤ አለበለዚያ የሆዱ ቁራጭ ወደ ታች ሲወድቅ ትንሹን ፊደል ይዞት ይሄዳል።

ሥራ አስኪያጁ ስለሚሉት ክፍተት፦ የሌዘር ጨረር በ3 ሚሊ ሜትር አክሪሊክ ላይ የሚበላው ስፋት እንደ ሌንሱና እንደ ፍጥነቱ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ 5 ሚሊ ሜትር መተው ብዙ ነው፤ 2 ሚሊ ሜትር ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ከዚያ በታች ሲወረድ በሁለት ቅርጾች መካከል የሚቀረው ቀጭን ዘንግ ይሞቃል፤ አክሪሊክ ከሆነ ይለሰልስና ጠርዙን ያበላሻል፤ ኮምፔንሳቶ ከሆነ ይከስላል። ክፍተት ማጥበብ የሚያዋጣው አንድ ተጨማሪ ረድፍ የሚያስገባ ሲሆን ነው፤ ረድፍ ካልጨመረ የተረፈው አንድ ሚሊ ሜትር በሉሁ ዳር ሄዶ ከመጠራቀም አያልፍም።

ሶፍትዌርን በተመለከተ፣ ዲፕኔስትን የመሰሉ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች አሉ። ወደ እነርሱ ከመግባቱ በፊት ጽሑፉ ወደ መስመር ቅርጽ መቀየር፣ የእያንዳንዱም ቅርጽ ዙሪያ የተዘጋ መሆን አለበት፤ ጫፎቹ ያልተገናኙ ቅርጽ ለፕሮግራሙ ውስጥና ውጭ የለውም። ለአክሪሊክ በ90 ዲግሪ እንዲዞር ሊፈቀድ ይችላል፤ የእንጨቱ መልክ ለሚታይበት ኮምፔንሳቶ ግን በ180 ዲግሪ ብቻ እንዲዞር መወሰን ይሻላል፤ ቀጭን የፊደል እግር የላይኛውን የእንጨት ጅማት አቋርጦ ከወጣ በቀላሉ ይሰበራልና። ቅርጹን እንደ መስታወት ግልባጭ መገልበጥ አንድ ፊት ብቻ ለሚታይ ፊደል ፈጽሞ አይፈቀድም።

ፕሮግራሙ የሚያሳየው የመቶኛ ቁጥርም ብቻውን አያስተማምንም። 75 በመቶ ተጠቅሞ ቀሪውን በየቦታው የበተነ ድርደራ፣ 70 በመቶ ተጠቅሞ ቀሪውን ሠላሳ በመቶ በአንድ ወገን እንደ ሙሉ አራት ማዕዘን ካስቀረው ይልቅ ብዙውን ጊዜ ኪሳራ ነው፤ የሁለተኛው ትራፊ ለሚቀጥለው ሥራ ሉህ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ቆሻሻ ነው። ትራፊ ሲቀመጥ ዓይነቱና ውፍረቱ ይጻፍበት። ይህን የምለው ለሥርዓት ብቻ አይደለም፤ ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ በዓይን ሲታይ ከአክሪሊክ ጋር ይመሳሰላል፤ በሌዘር ሲቆረጥ ግን የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም ሳንባን ይጎዳል፣ ማሽኑንም ያዝገዋል። ምንነቱ ያልታወቀ ቁራጭ ማሽን ላይ መውጣት የለበትም።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ለአንድ ውድድር 50 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያላቸው 200 የእንጨት ሜዳሊያዎች ታዘውኛል። በ90 በ60 ሳንቲ ሜትር ሉህ ላይ ከዳር 5 ሚሊ ሜትር፣ በመካከል 2 ሚሊ ሜትር ትቼ ስደረድር 187 ብቻ ይገባሉ። ለ13 ሜዳሊያ ሌላ ሉህ መክፈት ግዴታ ነው?

መልስ፦ ግዴታ አይደለም። እርስዎ የደረደሩት 17 ክብ በርዝመት፣ 11 ክብ በወርድ ነው፤ ሁሉም ክቦች ፊት ለፊት ስለቆሙ በየአራቱ መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ ይቀራል። ሁለተኛውን ረድፍ በግማሽ ክብ ገፋ አድርገው፣ የብሎኬት ግንብ እንደሚገነባ፣ እያንዳንዱ ክብ በታችኛው ረድፍ ሁለት ክቦች መካከል እንዲያርፍ ያድርጉት። ወሰን በሌለው ሜዳ ላይ ፊት ለፊት የቆሙ ክቦች 78.5 በመቶውን ሲሸፍኑ፣ እንዲህ የተፈራረቁት 90.7 በመቶውን ይሸፍናሉ፤ ከዚህ የተሻለ የክብ አደራደር እንደሌለም በሒሳብ ተረጋግጧል።

የእርስዎ ሉህ ግን ወሰን አለው፤ ጉዳዩም የሚያስደንቀው እዚህ ላይ ነው። ረድፎቹን በሉሁ ርዝመት ቢያፈራርቁ 17 እና 16 እየተከተሉ 12 ረድፍ ይገባል፤ ድምሩ 198 ነው፤ ሁለት ይጎድላል። ሉሁን አዙረው ረድፎቹን በወርዱ ቢያቆሙ 11 እና 10 እየተከተሉ 19 ረድፍ ይሆናሉ፤ ድምሩ ልክ 200። ትእዛዙ ሞላ፤ ነገር ግን አንዲት ሜዳሊያ ብትከስል መተኪያ የለም። አሁን ወደ መጀመሪያው ማፈራረቅ ተመልሰው 13ኛው ረድፍ ለምን እንዳልገባ ይለኩት፤ የጎደለው 0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በሜዳሊያዎቹ መካከል የተዉትን 2 ሚሊ ሜትር ወደ 1.9 ቢያወርዱት፣ በ12 የረድፍ እርምጃ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይተርፋል፤ 13ኛው ረድፍም ከነ17 ሜዳሊያው ይገባል። ድምሩ 215 ይሆናል። በፊተኛው መልስ ላይ ክፍተት ማጥበብ የሚያዋጣው ረድፍ ሲጨምር ነው ያልኩት ይህን የመሰለውን ነው፤ ያው አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ፊት ለፊት በተደረደሩት 187 ሜዳሊያዎች ላይ ቢቀነስ አንዲት ሜዳሊያ እንኳ አይጨምርም።

ሉሁ በማሽኑ ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጡን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ይህን ያህል በተጠጋ ድርደራ ጥቂት የተንጋደደ ሉህ የዳሩን ረድፍ ይቆርሰዋል።

ጥያቄ፦ ቃሊቲ አካባቢ በሚገኝ የብረታ ብረት ወርክሾፕ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ በፋይበር ሌዘር እንቆርጣለን። አብዛኛው ሥራችን 100 በ60 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ነው። ሁለት ጎረቤት ቁራጮች አንድ የመቁረጫ መስመር ቢጋሩ ይቻላል ወይ? ሞክረን ቁራጮቹ እየተነሱ የመቁረጫውን ራስ መቱት።

መልስ፦ ይቻላል፤ ጥቅሙም ከላሜራው ይልቅ በሰዓቱ ላይ ይጎላል። ሃያ ቁራጮችን ለየብቻ ብትቆርጡ ጨረሩ በድምሩ 6.4 ሜትር ይጓዛል። በአራት ዓምድና በአምስት ረድፍ አጣብቃችሁ የጋራ መስመር ብታደርጉላቸው 6 አግድም መስመሮች ባለ 40 ሳንቲ ሜትር፣ 5 ቁም መስመሮች ባለ 30 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ ጉዞው ወደ 3.9 ሜትር ይወርዳል። ለየብቻ ሲቆረጥ በመካከል የሚተወው ክፍተት በልማድ ከላሜራው ውፍረት ጋር የሚስተካከል ስለሆነ፣ እርሱም አያስፈልግም።

የገጠማችሁ ችግር የሚመጣው ከዚሁ ጥቅም ነው። ለየብቻ ሲቆረጥ በቁራጮቹ መካከል የሚቀረው ላሜራ እንደ ክፈፍ ሆኖ ሁሉንም ጠፍጥፎ ይይዛቸዋል፤ የጋራ መስመር ሲሆን ክፈፉ የለም። ቁራጩ ከጎረቤቱ ሲለይ በሥሩ ባሉት የድጋፍ ብረቶች ላይ ሚዛኑ ካልጠበቀ አንዱ ጫፉ ይወርዳል፣ ሌላው ይነሣል፤ የመቁረጫው ራስም ሲመለስ ይመታዋል። ስለዚህ ሃያውን በአንድነት ማጣበቅ አልመክርም። ሁለት ሁለት ወይም አራት አራት አድርጋችሁ አጣብቁ፤ በቡድኖቹ መካከል ግን የተለመደውን ክፍተት ተዉ። በየቁራጩ አንድ ጠርዝ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የምትሆን ያልተቆረጠች ማያያዣ ትቅር፤ በኋላ በእጅ ስትጠመዘዝ ትለቃለች። በቁራጩ ውስጥ ቀዳዳ ካለ ከዙሪያው በፊት ይቆረጥ፤ የመቁረጫው ራስም ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ሲሄድ ቀደም ብሎ በተቆረጠው ላይ እንዳያልፍ የጉዞው ቅደም ተከተል ይስተካከል።

መጠኑን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። በሥዕሉ ላይ ሁለቱን ቁራጮች ያለ ክፍተት ብታጣብቁ ጨረሩ የሚበላው ከሁለቱም ላይ ስለሆነ እያንዳንዳቸው በግማሽ የጨረር ስፋት ያንሳሉ፤ በመካከላቸው አንድ የጨረር ስፋት ትታችሁ የመቁረጫውን መስመር በዚያ መሃል ማሳለፍ ነው የሚገባው። ሁለቱ መስመሮች በሥዕሉ ላይ ተደራርበው ከቀሩ ደግሞ ማሽኑ በአንዱ ቦታ ሁለት ጊዜ ያልፋል፤ ጊዜም ይባክናል፣ ጠርዝም ይበላሻል፤ የተደገመውን መስመር ማጥፋት ያስፈልጋል።

ደግሞስ ሥራችሁ አራት ማዕዘን ብቻ ከሆነ፣ ቀዳዳም ሆነ ክብ ጥግ ከሌለው፣ ሌዘሩን ለምን ታደክሙታላችሁ? የላሜራ መቁረጫ ጊሎቲን ያለ ጨረርና ያለ ጋዝ ይቆርጠዋል፤ በዳርና በመካከል የሚተው ክፍተትም የለውም።

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ የሒሳብ መምህር ነኝ። ኮምፒውተር ይህን ሁሉ ሲያሰላ ከሁሉ የተሻለውን አደራደር ፈልጎ ማግኘት ለምን ያቅተዋል?

መልስ፦ ምርጫው ስለሚበዛበት ነው። አሥር የተለያዩ ቅርጾች እያንዳንዳቸው በአራት አቅጣጫ መዞር የሚችሉ ቢሆኑ፣ የሚቀመጡበት ቅደም ተከተልና አቅጣጫ ብቻውን 3.8 ትሪሊዮን ያህል አማራጭ ይሰጣል፤ በሉሁ ላይ የት ይረፉ የሚለው ገና አልተነካም። ስለዚህ ፕሮግራሞቹ የሚሠሩት በዘዴ ነው፤ ትልልቆቹን አስቀድመው እያንዳንዱን ወደ አንድ ጥግ ገፍተው ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ ቅደም ተከተሉንና አቅጣጫውን እየለዋወጡ የተሻለውን ይይዛሉ፣ የባሰውን ይጥላሉ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውጤቱ በፍጥነት ይሻሻላል፤ ከዚያ በኋላ መሻሻሉ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የቀረ የተሻለ አደራደር ይኑር አይኑር ግን ፕሮግራሙ ራሱ አያውቅም።

ለተማሪዎችዎ የሚሆን ምሳሌ ልስጥዎ። ጎናቸው 1 የሆነ 11 እኩል ካሬዎች የሚገቡበት ትንሹ ካሬ ስንት ነው? ቀጥ አድርጎ ለሚደረድር ሰው መልሱ 4 ነው። ዋልተር ትረምፕ በ1979 እ.ኤ.አ. ያገኘው አደራደር ግን ጥቂቶቹን ካሬዎች 40 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ በ3.877 ውስጥ ያስገባቸዋል። ሥዕሉ ለዓይን የማይጥም፣ የተዘበራረቀ ነው፤ ከእርሱ የሚያንስ ሊኖር እንደማይችል ግን የተረጋገጠ ነገር የለም። ባለ 10 ሳንቲ ሜትር የካርቶን ካሬዎች ተቆርጠው 38.8 ሳንቲ ሜትር በሆነ ክፈፍ ውስጥ እንዲያስገቧቸው ቢጠየቁ ክፍሉ ሙሉውን ክፍለ ጊዜ ይሠራበታል።

የዕቃ አቆራረጥ ጥያቄ ለሒሳብ ያበረከተው ነገርም ቀላል አይደለም። የሶቪየቱ የሒሳብ ሊቅ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች በሌኒንግራድ የኮምፔንሳቶ ድርጅት ያቀረበለትን የማሽን ድልድል ጥያቄ መነሻ አድርጎ በ1939 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ዕቃን በትንሹ ብክነት የመቁረጥን ጥያቄም አብሮ አንስቶታል፤ ዛሬ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ የምንለው፣ ውሱን ሀብትን በተሻለ መንገድ የመደልደል ስሌት አንዱ ምንጩ ይህ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ከቻሊንግ ኮፕማንስ ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ጥያቄ፦ ሞጆ ላይ የቆዳ ቦርሳ እንሠራለን። ቆዳ እንደ ሉህ ቀጥ ያለ ጠርዝ ስለሌለው ይህ የድርደራ ዘዴ ለእኛ ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል፤ ነገር ግን ለእናንተ ባዶ ቦታን ከመሙላት የሚቀድም ሥራ አለ። ቆዳው ሁሉ አንድ አይደለም፤ የጀርባው ክፍል ጥብቅ ነው፣ የሆዱና የእግሩ አካባቢ ይለጠጣል፤ የመዥገር ንክሻ፣ የእሾህ ጭረትና የአርማ ጠባሳም ያለበት ቦታ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ጉድለቶቹን በሚታጠብ ጠመኔ ክበቧቸው፤ የቦርሳውን ፊትና ክዳን በጀርባው ላይ፣ ውስጥ የሚውሉትን ክፍሎች በዳር ዳር መድቡ። ማንጠልጠያውን ሆድ ላይ መቁረጥ ቦታ ቢቆጥብም ሸክም ሲበዛበት ስለሚረዝም አይመከርም። ማሽናችሁ ካሜራ ካለው የቆዳውን ዙሪያና የተከበቡትን ጉድለቶች ፎቶ አንስቶ በእነርሱ መካከል መደርደር ይቻላል፤ ከሌለው ግን የየክፍሉን ቅርጽ በካርቶን ቆርጣችሁ ቆዳው ላይ በእጅ እያዟዟራችሁ ማስቀመጥ፣ ዓይኑ የለመደ ቆራጭ ካላችሁ፣ ከኮምፒውተሩ ድርደራ ብዙም አያንስም።